ከእንግዲህ መደበቅ የለም

ዛሬ ፊዚክስ እየተማርን የሟች እህቴ የሂቦ ስልክ ኪሴ ውስጥ ጠራ። ከተቀበረች ወዲህ የምይዘው እኔ ነኝ።

ወደ ውጭ ወጥቼ አነሳሁት። ሆስፒታል ታክማት የነበረችው የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት።

"ሂቦዬ፣ የምስራች! ስምሽን ሳልጠራ ቁርዓን ከሚቀሩብሽ ሼክ ጋር አብረን ልንሠራ ተስማማን። ማክሰኞ ከእናትሽ ጋር ነይ። ከእንግዲህ መደበቅ የለም!"

ሂቦ የስብዕና መታወክ ነበረባት። ጠዋት አቅፋ ስማህ ማታ እንደ ጠላት ታባርርሃለች፤ ከዚያ እያለቀሰች ይቅርታ ትለምናለች።

ይህችው ባለሙያ ያኔ "ሼክ ጋ የምትሄጂ ከሆነ እኔ ጋ አትምጪ" ብላት ነበር። ሼኩም "ክኒን እየዋጥሽ ለፈውስ ቁርዓን አልቀራብሽም" አሏት።

ስለዚህ እናታችን ሆዮ፣ ሆስፒታል ሲሄዱ ሼኩ የሰጡትን የጥቁር አዝሙድ ዘይት ከሂቦ ፀጉር ታጥብ ነበር፤ ሼኩ ወደ ቤታችን ሲመጡ ክኒኑን ስኳር ዕቃ ውስጥ ትቀብር ነበር። (ቤታችን ሻይ የመረራችሁ ካላችሁ ምክንያቱ እሱ ነው።)

ሂቦ "ለሁለቱም ግማሼን ነው የማሳያቸው። ሙሉዋን ሂቦ ማን ያክማት?" ትል ነበር።

"ሄሎ? ሂቦ?" አለች ባለሙያዋ።

"ወንድሟ ነኝ። ሂቦ ራሷን አጥፍታለች።"

"ማንም አልነገረኝም እኮ" አለች።

"ሼኩን ይጠይቋቸው ዶክተር። ቀብሯ ላይ ዱዓ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። የእርስዎ ታካሚ እንደነበረች ግን አያውቁም። በደንብ ደብቀናል።"

የጅግጅጋ ሰዎች፣ እናንተስ ቤት ለሐኪሙ ግማሹን፣ ለሼኩ ግማሹን የምታሳዩት ሰው አለ? እዚህ ጻፉልኝ። ሳትቀብሩት።