ሳትጨርስ ዝም ያለችው ወፍ

ባለፈው ሳምንት የስልኬን የቻርጀር መሰኪያ ላሠራ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ጥገና ቤት ገባሁ። የሚቀልጠው የብየዳ ሊድ ጭስ አፍንጫዬን ሲነካው ጋሼ ደስታ ከፊቴ ድቅን አሉ።

ጎረቤታችን ነበሩ። ሰማያዊ ኮንቴነራቸው ውስጥ ስልክ ይጠግናሉ፣ ሚሞሪ ላይ ዘፈን ይጭናሉ። ታዲያ ማለዳ ሮቢ ወንዝ ዳር ወርደው የወፍ ድምፅ ይቀዱና ከዘፈኖቹ መሃል ሸጎጥ ያደርጉታል። አንድ የጀውሃ መስመር ሹፌር፣ "ጋሼ፣ ትከሻዬን ልነቀንቅ ስል ቆቅ ጮኸችብኝ እኮ!" ቢላቸው፣ "ምርቃት ናት" አሉት ቀና ሳይሉ።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ከማንጎ ዛፍ ወድቄ ቀኝ እግሬ ተሰበረ። እግሬ በጄሶ ታስሮ ከቆርቆሮ ጣሪያው ስር በላብ ተዘፍቄ ከረምኩ። ጄሶው ከተፈታ በኋላም እግሬን መሬት ማስነካት ፈራሁ። ሐኪሙ፣ "ካልረገጠችበት ሰንፎ ይቀራል" አለ። እናቴ ለመነች፣ ተቆጣች፤ እኔ ወይ ፍንክች!

ያኔ ነው ጋሼ ደስታ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ይዘውልኝ የመጡት። የተቀዳውን ድምፅ ከፈትኩት። መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ሸምበቆ ሲንሿሿ፣ ከዚያ የሳቸው ሹክሹክታ፦ "መጣች!" አንዲት ወፍ ጀመረች፤ ከፍ፣ ዝቅ፣ እንደገና ከፍ... ቀጥ!

"ቀሪውስ?" አልኩ።

"ወንዝ ዳር።"

"ስሟስ?"

"እኔም አላውቃትም። አይተሽ ንገሪኝ።"

እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች። "ከዛፍ የወደቀችን ልጅ መልሰው ወፍ ያስመኟታል! ምን ዓይነት ሰው ነዎት፣ ጋሼ?"

ደጋግሜ ሰማሁት። ያቺ የተቆረጠች ቦታ እንደ ትንኝ ንክሻ ታሳክከኝ ጀመር። አንድ ማለዳ ግድግዳ ይዤ ተነሳሁ። እግሬ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልከዳኝም። መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ቆይቶ እስከ ኮንቴነሩ፣ በኋላ በሳቸው ክንድ ተደግፌ እስከ ወንዙ።

ወፏ አልመጣችም። ዋኔ ርግቦች ነበሩ፤ ግንደ ቆርቁር ከማዶ ይቀጠቅጣል። ጭቃው በባዶ እግሬ ጣቶች መሃል ሽቅብ ሲወጣ ሳቄ አመለጠኝ። ጋሼ ደስታ ግን ዛፉንም ወንዙንም አያዩም ነበር። ጎንበስ ብለው ጭቃው ላይ ያለውን ዳናዬን ያያሉ፤ ቀኙ ከግራው እኩል ጠልቋል።

ኋላ ልጃቸው ዘንድ ማጀቴ ከተማ ሄዱ፤ እዚያው አረፉ።

ትናንት ማለዳ፣ ዓይኑን ከጌም ለማይነቅለው ታናሽ ወንድሜ ወንዝ ዳር ሄጄ ድምፅ ቀዳሁለት። ወፏ ገና ከፍ ማለት ስትጀምር አቆምኩት።

"እህ! ቀሪውስ?" አለኝ።

ጫማውን አቀበልኩት።