ሽማግሌዎቹን ያስቀመጥኩ ዕለት

እኔ ሲጨንቀኝ እጄን ነው የምታጠበው። ያን እሑድ ጠዋትም እየታጠብኩ ሳለ በራችን ተንኳኳ። ልጄን ለጋብቻ ሊጠይቁ የተላኩት ሽማግሌዎች አንድ ሰዓት ቀድመው ደረሱ! ባለቤቴ ታላቅ ወንድሙን ቡልጋሪያ ሰፈር ካለው ቤታቸው ሊያመጣ ወጥቷል። ቤት ያለነው እኔና መኝታ ቤት ዘግታ የተቀመጠችው ልጄ ብቻ ነን።

የመጡት ሦስት ናቸው፤ የሚያገባት ልጅ የንስሐ አባት፣ አጎቱ፣ እና ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንድ አዛውንት ጎረቤት። ሰንጋ ተራ ያለው ኮንዶሚኒየማችን ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር አምስተኛ ፎቅ ድረስ በእግራቸው ነው የወጡት። ሦስቱም ትንፋሽ አጥሯቸዋል።

«ግቡ፣ አረፍ በሉ» አልኩ።

«አንቀመጥም» አሉ አጎቱ።

ደንቡ ነው። ለልጅ የተላከ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ባለፈው ሲመጡም «እናስብበት» ተብለው በቁማቸው ነው የተመለሱት። ዛሬ መልስ የሚሰጥበት ቀን ነው። እኔና ባለቤቴ ተማክረን እሺ ልንል ቆርጠናል፤ ቃሉን የሚናገረው ግን እሱ ነው። ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት ሲለማመድ ነው የሰነበተው።

ስልክ ደወልኩለት።

«ታክሲ የለም፤ ሰልፉ አያልቅም። አቆዪያቸው!» አለና ዘጋው።

አጎቱ ሰዓታቸውን አዩ። «እኔ ከሰዓት ወደ ጎንደር እሄዳለሁ። ዛሬ መልስ ካላገኘን ሰርጉ ሁዳዴ ሳይገባ አይደርስም። ከፋሲካ በኋላ መሆኑ ነው።»

ከመኝታ ቤቱ «ውይ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁላችንም እንዳልሰማን ሆንን።

አዛውንቱ ፍሪጁን ተደገፉ። ፊታቸው ወዝቷል። እኔ ደግሞ በሐሳቤ ሰውዬው ወድቀው፣ አምቡላንስ ተጠርቶ፣ ቃሬዛው በደረጃው አልዞር ብሎ፣ እስከ ተዝካራቸው ደረስኩ።

«አባቴ፣ እባክዎ ለጉልበትዎ ሲሉ...»

«የኔ እመቤት፣ አባወራው ሳይመጣ ብቀመጥ ነገ ማን ሽማግሌ ብሎ ይልከኛል?»

እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ልጄ ለገና ትልልቅ ፊደል ያለው መጽሐፍ ቅዱስ ገዝታልኝ፣ ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ የፍጥረትን ታሪክ አነባለሁ። ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ደግሞ ምንም አይዘልም። ካዛንቺስ ባደግኩበት ግቢ ስለ ሔዋን የሰማሁት ፍሬውን መብላቷን ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት የሆነውን ማንም አልነገረኝም። ለካ ሁለቱንም በመልኩ ፈጥሯቸዋል፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ባርኳቸዋል! ተሳስቼ እንዳይሆን ብዬ ልጄን አስነበብኳት። ያው ነው። ያን ቀን ሽንኩርት እየከተፍኩ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ።

አሁን ያ ሳቅ ጉሮሮዬ ላይ መጣ።

«አባ» አልኳቸው ካህኑን፣ «አንድ ነገር ልጠይቅ? እግዚአብሔር ምድርን ያስረከበው ለማን ነው?»

«ለአዳምና ለሔዋን ነዋ።»

«አዳም ብቻውን ቆሞ አይደለም የተቀበለው?»

«ኧረ አይደለም። ወንድና ሴት አድርጎ ፈጠረ፣ ሁለቱን ባረከ፣ ለሁለቱም ሰጠ።»

አጎቱ ጣልቃ ገቡ። «ሔዋን ግን ከኋላ ነው የመጣችው።»

«ጌታዬ፣ ከኋላ መምጣት የሚያሳንስ ከሆነ፣ አዳምም እኮ የመጣው ከዶሮ በኋላ ነው!»

አፌ ቀደመኝ። ደንግጬ በእጄ ያዝኩት። አዛውንቱ ሳቃቸው አምልጧቸው ከፍሪጁ ላይ ሊንሸራተቱ ሲሉ ካህኑ ደገፏቸው፤ የካህኑም ትከሻ ይንቀጠቀጣል።

«ከዶሮ ጋር አሰለፈችን እኮ!» አሉ አጎቱ፤ እሳቸውም ጥርሳቸው ታየ።

ከዚህ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። «ምድርን ለሁለት የሰጠ አምላክ፣ ይችንም ልጅ የሰጠው ለሁለታችን ነው። ተማክረናል። እሺ ብለናል። በቃ ተቀመጡ!»

ሁለቱ ወደ ካህኑ ዞሩ። ካህኑ ሶፋውን አዩ።

«መጽሐፉም እሷ እንዳለችው ይላል» አሉ፤ «እግሬም እንደዚያው ይላል።» ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። ከመኝታ ቤቱ እልልታው ቀለጠ።

ባለቤቴና ወንድሙ በላብ ተጠምቀው ሲገቡ ሽማግሌዎቹ ዳቦ እየበሉ ነበር። ባለቤቴ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ተቀምጠዋል እንዴ?»

«ባለቤትህ አስቀመጠችን» አሉ አጎቱ።

ወደ እኔ ዞረ። እጄን ልታጠብ አማረኝ። ሃያ ምናምን ዓመት አብረን ስንኖር ቃሉን ቀድሜበት አላውቅም።

«ምን ብለሽ?»

«እሺ ብለናል ብዬ።»

«ብለናል?»

«አዎ፣ ብለናል።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። «ተመስገን! ንግግሩ እኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ጠፍቶኝ፣ መንገዱን ሙሉ ስጸልይ ነው የመጣሁት!»

ወንድሙ ግን አልተዋጠላቸውም። «አባት ሳይናገር? አይሆንም፤ ይናገር።»

«ይናገር» አሉ አዛውንቱ፣ «እኔ ግን ደግሜ አልነሳም።»

ባለቤቴ ተነሣ። ካህኑ እኔንም በእጃቸው ጠርተው ከጎኑ አቆሙኝ። «እኛ ልጃችንን...» ብሎ ጀመረና ጠፋበት። አየኝ።

«ሰጥተናል» አልኩ።

«ሰጥተናል!» አለ እሱም፣ ቤቱን በሚያናጋ ድምፅ።