ያልታረመ የለም

ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ አጠገብ ተያዝኩ። ዘመኑ የደርግ ነበር፤ እኔም አስተማሪ። ከሰዓት በኋላ ላብና እርጥብ ሲሚንቶ በሚሸት ክፍል ውስጥ ስምንተኛ ሰው ሆንኩ።

ፍርድ ቤት አልቀረብኩም። «ስንት ዓመት ነው?» ብዬ ስጠይቅ የእስር ቤቱ ካድሬ «እስክትታረም» አለኝ። መታረሜን የሚወስነው እሱ ነው። ታረመ የተባለ ዋስ ጠርቶ ይወጣል፤ በየሳምንቱም ቀበሌ እየሄደ ይፈርማል። ያልታረመ ይቀመጣል።

ከወራት በኋላ፣ የክፍሉ ተጠሪ ሆኜ ሳለሁ፣ ካድሬው መጣ።

«ያልታረመውን አንድ ሰው በሙሉ ድምፅ አጋልጡ። የቀራችሁት ትወጣላችሁ።»

ማንን እንደፈለገ ገብቶናል። ከካምባ የመጡት ሽማግሌ፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ መፈክር አያሰሙም ነበር። ከጎረቤት ክፍል እንዲሁ የተጋለጠ ሰው ተወስዶ አልተመለሰም።

ከእኛው ጋር የታሰረ የዶርዜ ሸማኔ «እንደ ዱቡሻ እንቀመጥ» አለ። ዱቡሻ የጋሞ ሰው የሚመክርበት አደባባይ ነው፤ አንድ ሰው እንኳ ካልተስማማ ነገሩ አላለቀም። ግድግዳውን ተደግፈን ዙሪያውን ተቀመጥን። ሽማግሌው ቀድመው ተናገሩ።

«የእኔን ስም ስጡ። እናንተ ትንንሽ ልጆች አሏችሁ፤ የእኔዎቹ አድገዋል።»

አንድ ሙስሊም ነጋዴ ነበር፤ ሳቀ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሲጸልዩ እኔንም ይጨምራሉ። በነፃ የማገኘውን ዕቃ ለምን እመልሳለሁ?»

«አትቀልድ ልጄ። ሚስትህ ስንቅ ስታመላልስ ከሳች።»

«እሷን ለእኔ ይተዉልኝ። እርስዎን ሰጥቼ ብመለስ በሩንም አትከፍትልኝ።»

ሰባታችን አንሰጥም አልን። እሳቸው ብቻ «ስጡኝ» ብለው ጸኑ።

ሸማኔው «የእርስዎም ቃል ያስፈልጋል፤ እስኪስማሙ አንነሳም» አላቸው።

እራት ገባ፤ ማንም አልነካውም። ሽማግሌው ሳህኖቹን ሲያዩ ቆዩና «እሺ፣ አሸነፋችሁኝ። በሉ ብሉ» አሉ።

በማግስቱ ካድሬው በሩ ላይ ቆመ።

«ማነው?»

ተነሳሁ። «ጓድ፣ በሙሉ ድምፅ ወስነናል። ከመካከላችን ያልታረመ የለም።»

«ሽማግሌውስ?»

«እሳቸውም ድምፅ ሰጥተዋል።»

ከኋላዬ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ካድሬው አንድ በአንድ አየንና በሩን ዘግቶ ሄደ። ከቤት የሚመጣው ስንቅ ለሁለት ሳምንት ታገደ። የተወሰደ ሰው ግን አልነበረም። የእስር ቤቱን ቂጣ ለስምንት እየተካፈልን የሳቅነውን ያህል ከዚያ በፊት ስቀን አናውቅም።

ክረምቱ ሲወጣ ስምንታችንም በአንድ ጠዋት ተፈታን። ከዚያ ወዲህ ማስተማሩን ትቼ ብዙ ዓመት ዜና ስጽፍ ኖሬአለሁ። ለምን እንደፈቱን ጠይቄ መልስ ስላላገኘሁ፣ በዚያ ውሳኔያችን ምክንያት ነው ብዬ አልጽፍም። ሽማግሌው ከተማው ውስጥ ዋስ የሚሆናቸው ዘመድ አልነበራቸውም። የነጋዴው ሚስት ፈረመችላቸው።