የእድራችን ሰባት ቁጥር

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤት አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ኮምፒዩተሯ ላይ ከደረደረቻቸው ስሞች አንዱን ስታጠፋ፣ ከታች ያሉት ስሞች ሁሉ ምንም እንዳልተፈጠረ አንድ አንድ ቁጥር ወደ ላይ ሲወጡ አየሁና ክው አልኩ። ልጅቷ አመመሽ ወይ ብላ ውሃ አመጣችልኝ። ይኸው ሃያ ምናምን ዓመት አልፎም ያ ክፍተቱን ቶሎ የሚደፍን ቁጥር ያስደነግጠኛል።

አሰብ ውስጥ ኮምፒዩተር ማለት ለእኔ ከሁሉ በፊት ብርድ ማለት ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ የተመዘገብኩበት ማሠልጠኛ፣ ማሽኖቹ ሙቀት አይወዱም ተብሎ አየር ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ስለሚውል፣ በዚያ ሸሚዝ ከጀርባ ጋር ተጣብቆ በሚውልበት፣ ነፋሱ እንኳ ጨውና ናፍጣ እየሸተተ ትኩስ ሆኖ በሚመጣበት ከተማ እኔ ሹራብ በፌስታል ይዤ ነበር የምወጣው። ጎረቤቶቻችን ደሴ ልትወጪ ነው ወይ እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

አባቴ ወደብ ላይ የክሬን ሠራተኛ፣ ከሥራ ሲመለስ ደግሞ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበር። ከየአገሩ ለሥራ መጥቶ አሰብ የተሰበሰበው ሰው፣ የነዳጅ ማጣሪያው ቴክኒሻን፣ የቦቴ ሾፌሩ፣ ባለሱቁ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ዘመዱ ሩቅ ስለነበር እድሩን እንደ ዘመድ ነበር የያዘው። እያንዳንዱ ቤት ቁጥር አለው። ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍሩት፣ ድንኳን የሚተክሉት፣ ውሃ የሚቀዱት በአሥር በአሥር ቁጥር ተራ ይወጣላቸዋልና፣ ሰው ሁሉ ቁጥሩን እንደ ልጁ ስም በቃሉ ያውቃል። የቤቱ አባወራ ሲሞት አባቴ በቀይ እስክሪብቶ ስሙ ላይ መስመር ያሰምርና ከመስመሩ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት የሚስቱን ስም ይጽፋል፤ ቁጥሩ የቤቱ ነው፣ አይነካም።

እሱ ራሱ የሞተው እኔ ማሠልጠኛ በገባሁበት ዓመት ነው። አርባው ካለፈ በኋላ የእድሩ ዳኛ ሐጂ ኑሩ፣ ከወሎ መጥተው ጨርቅ ሲነግዱ ያረጁ ሰው፣ መዝገቡን በላስቲክ ጠቅልለው አመጡና፣ እርጥበቱ ሳይጨርሰው በኮምፒዩተር ጻፊልን አሉኝ። ደስታዬን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ቁጥሩን ማሽኑ ራሱ እንዲደረድር አደረግኩ፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ ሰረዝ ይሁን ነጥብ እያልኩ ግማሽ ቀን ፈጀሁ፣ ቁጥሮቹን አደመቅኩ፣ ስሞቹን በአንድ መስመር አስተካከልኩ። በቀይ የተሰረዙትን አሥር ስሞች ግን እንደ ስሕተት ቆጥሬ ዘለልኳቸው፤ ከበላያቸው ያለውን ደቃቅ ጽሕፈት ልብ ብዬ አላነበብኩትም።

ሰባት ቁጥር አባቴ ነበር። የእሱ ስም ላይ መስመር አልነበረም፤ መስመሩን የሚያሰምረው ሰው እሱ ራሱ ነበርና። መጀመሪያ ጻፍኩት። ከዚያ ትክ ብዬ አየሁትና፣ በሕይወት ያለ ይመስላል፤ ከጎኑ አረፈ ብዬ ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ፣ አጠፋሁት። ስምንት የነበረው ሰባት ሆነ፣ ዘጠኙ ስምንት። አባቴ ያልነበረ ያህል ገጹ ደህና ሆኖ ቁጭ አለ።

ወረቀቱ የእድሩ ዕቃ ቤት በር ላይ ተለጥፎ ሁሉም ውበቱን አደነቀ። በሁለተኛው ሳምንት የአንድ የቦቴ ሾፌር እናት አረፉና ጡሩምባ ነፊው ጠዋት ከሃምሳ አንድ እስከ ስልሳ ያላችሁ ለቁፋሮ ውጡ እያለ ዞረ። ድሮ ሃምሳዎቹ የነበሩት ወረቀቱን አይተው አርባዎቹ ውስጥ ገብተናል፣ ተራው የእኛ አይደለም ብለው ወደ ሥራ ሄዱ፤ በወረቀቱ ሃምሳዎቹ የሆኑት ደግሞ ቁጥራቸውን በቃላቸው ስለሚያውቁ ወረቀቱን ዞር ብለውም አላዩትም። መቃብሩ ቦታ የተገኙት ሐጂ ኑሩና ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። በዚያ ድንጋያማ መሬት፣ በዚያ ፀሐይ፣ ሽማግሌው እጅጌያቸውን ሰብስበው ቆፈሩ፤ አስከሬኑም እስከ እኩለ ቀን ቆየ። በዚያው ቀን ሳይመሽ ጉድ ተሰማ፦ የገዛ እናቴን ጨምሮ የሟች ሚስቶችን በሙሉ ከእድር አስወጥቻለሁ።

ሐጂ ኑሩ ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጡ። እጃቸው ውኃ ቋጥሯል። እናቴ አንገቷን ደፍታለች፤ እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ስለ መቃብሩ አንድ ቃል አልተናገሩም፣ አባቴን ለምን እንዳጠፋሁት ብቻ ጠየቁኝ። አረፈ ብዬ መጻፍ አቃተኝ አልኳቸውና አለቀስኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«አትጻፊው ልጄ፣ መስመሩን እኔ አሰምረዋለሁ» አሉ። «አንቺ የእናትሽን ስም ሰባት ላይ ጻፊልኝ።»

ዘመድ ሳይኖረው የሞተ አንድ በያጅ ነበር፤ የእሱን ሃያ ሦስት ቁጥር ለማን ልስጥ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ለማንም። ባዶውን ተይው፤ ሰው ነበረበት።»

በማግስቱ ሹራቤን ይዤ ማሠልጠኛ ገባሁና ሚስቶቹን በየቁጥራቸው መለስኩ። አስተማሪው ራሱ የማያውቀውን፣ ቁጥሩ ከስንት እንዲጀምር የሚታዘዝበትን ሳጥን በመነካካት አገኘሁት፤ ከሃያ ሁለት በኋላ ባዶ መስመር ትቼ ዝርዝሩን ከሃያ አራት አስጀመርኩት። ከዚያ ወዲህ ብዙ የተማረ ሰው አስተምሮኛል፣ እንደ ሐጂ ኑሩ ያስተማረኝ ግን የለም፤ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

አገሮቹ ተጣልተው መንገዱ ሲዘጋ ሁላችንም አሰብን ለቀን ወጣን፣ እኔ ያቺን ዝርዝር ልብሴ መሀል አጥፌ አመጣኋት። ባሕሩ ቀረ፣ ቤታችን ቀረ፣ የአባቴም መቃብር እዚያው ቀረ። የአሰብ ሰዎች ግን በዓመት አንድ ቀን አዳማ እንገናኛለን፤ ስም የምጠራው እኔ ነኝ። ዘንድሮ ከመቶ አሥር ቁጥሮች ውስጥ ሰው ያለበት ከሠላሳ አይበልጥም፣ ዝርዝሩን ግን አላጠጋጋሁትም። ከአንድ፣ ከሐጂ ኑሩ እጀምራለሁ፤ መልስ የሌለው ቁጥር ላይ ሰው አቤት የሚልበትን ያህል እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ሰባት ላይ ስደርስ፣ እናቴም ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነውና፣ ራሴ ጠርቼ ራሴ አለሁ እላለሁ።