የጸጉር አባት

ሳቱርኒና ከአያኩቾ ከተማ በላይ ተራራው ላይ ካለችው ከኡቹፓምፓ መንደር ወደ ፍርድ ቤት ስትመላለስ እግሯ ቀጠነ። በጭነት መኪና ከድንች ጆንያ ጋር ተጭና ከተማ ስትደርስ ዳኛዋ የሉም፤ እሳቸው ካሉ ፋይሉ የለም፤ ሁለቱም ካሉ መብራት የለም። ጉዳዩ ግን አጭር ነው። ልጇ ማርሊኒ የአባቷን ስም ትፈልጋለች።

በዚያ አገር ሰው አንድ የቤተሰብ ስም ከአባቱ፣ አንድ ከእናቱ ይይዛል፤ አባቱ ልጄ ብሎ ያልተቀበለው ልጅ ግን ሁለቱንም ከእናቱ ይወስዳል፤ መምህሩ ስም በጠራ ቁጥር ክፍሉ ይስቃል። አንድ ቀን በግ ሲሸልቱ ማርሊኒ አባቷ ማን እንደሆነ ጠየቀች። ሳቱርኒና መዋሸት ሰልችቷት ነበርና፣ ቲቡርሲዮ ነው አለቻት።

ልጅቷ መቀሱን አስቀመጠች። “የጸጉር አባቴ?”

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ቲቡርሲዮ መኪና አለው፣ ሚስትም አለችው። ማርሊኒ የመጀመሪያ ጸጉሯ የሚቆረጥበት ዕድሜ ስትደርስ ለልጁ አንድ ነገር መስጠት አማረው፤ በአባትነት እንዳይሰጥ ሚስቱን ፈራ። ስለዚህ የጸጉር አባቷ እኔ ልሁን አለ። መንደርተኛው በተሰበሰበበት የመጀመሪያዋን ዘለላ ቆረጠ፣ እርጉዝ በግ ሰጠ፣ የበቆሎ ጠላ ተጠጣ፤ እሱና ሳቱርኒናም ከዚያ ቀን ጀምሮ አበልጅ ተባሉ። እሷ እሺ ያለችው ለልጄ በግ ከመጣ ምን ቸገረኝ ብላ ነው። ብልጠት መስሏት ነበር። በኡቹፓምፓ ሌባም ይማራል፣ ነፍሰ ገዳይም ይታረቃል፤ ከአበልጁ ጋር የተኛ ሰው ግን ሌት ሌት ሁለት ራስ ያለው ላማ፣ ያ አንገተ ረጅሙ የጭነት እንስሳ፣ እየሆነ በየገደሉ ሲጮህ ያድራል ይባላል። ልጅቷ የተወለደችው አበልጅ ከመሆናችን በፊት ነው ብትል ማን ይሰማታል?

ክሱ እንደተወራ ገበያ ላይ የምትሸጠውን የባቄላ ሾርባ የሚጠጣላት ጠፋ። ፊት ለፊት የተናገረቻት ጎረቤቷ ኢፊሄንያ ብቻ ናት።

“ትናንት ሌሊት ውሻዬ ሲጮህ አደረ” አለቻት፣ ሰው እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። “አንቺ ነበርሽ እንዴ የምታልፊው?”

“ሁለት አፍማ ቢኖረኝ” አለች ሳቱርኒና ከድስቷ ቀና ሳትል፣ “አንዱን ላንቺ መልስ እመድበው ነበር።”

ሰው ሳቀ፤ ሾርባውን ግን የገዛ የለም።

ከዚያ ቲቡርሲዮ መንገድ ላይ አገኛት። ከመኪናው እንኳ አልወረደም።

“አበልጄ፣ ተይው። ጫማዋንም ደብተሯንም እኔ እችላለሁ፤ በጸጉር አባትነቴ።”

“ስምህንስ?”

“ስሙን ተይልኝ። ምን ብዬ ሚስቴ ፊት እቆማለሁ?”

“እኔ ምን ብዬ እንደቆምኩ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?”

ሞተሩን አስነሳና ሄደ። እውነቱን ለመናገር፣ ሳቱርኒና በዚያ ቀን ልትተወው ምንም አልቀራትም። ደክሟታል፤ ጫማም ጫማ ነው። እቤት ገብታ ቲቡርሲዮ ያላትን ለልጇ ስትነግራት ማርሊኒ “ጫማማ አለኝ” ብላ ፊቷን አዞረች። በማግስቱ ሳቱርኒና እንደገና ከድንቹ ጋር ተሳፈረች።

ዳኛዋ ሕጉን አስረዷት። ሰውየው መጥሪያ ይደርሰዋል፤ አይደለሁም ካለ ደሙ ይመረመራል፤ በቀኑ ቀርቦ ካልተቃወመ አባት ነህ ተብሎ ይወሰንበታል። ቲቡርሲዮ መጥሪያውን ተቀበለ። ልካድ ቢል ደሙ ሊያጋልጠው ነው፤ ልመን ቢል በገዛ አፉ ላማ ሊሆን ነው። ቀኑ አለፈ፤ እሱም አልመጣም። ዳኛዋ ጉንፋን በዘጋው ድምፅ ውሳኔውን አነበቡ፣ ማኅተም ተመታ። ሳቱርኒና እልል እላለሁ ብላ ነበር። የተሰማት የእግሯ ሕመም ብቻ ነው።

ማርሊኒ መኪና መቆሚያው ድረስ ወጥታ ጠበቀቻት። ወረቀቱን ተቀብላ አዲሱን ስሟን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች፤ ደግማም አነበበች።

“ምን አለ?”

“ማን?”

“አባቴ ነዋ።”

“ምንም አላለም።”

“ታዲያ እንዴት አባቴ ሆነ?”

“ዝም ስላለ ነው” አለች ሳቱርኒና። “ሕጉ እንደዚያ ነው።”

ልጅቷ ወረቀቱን አጠፈችው።

“ስወለድም እኮ ዝም ብሎ ነበር።”