ከአልጋ ሳልወርድ የበላሁት ቆሎ

ሲጀምረኝ በሽታ ሳይሆን ሽታ ነበር የመሰለኝ። ቢቸና፣ ሁዳዴ በገባ ሰሞን፣ ከጎረቤት የሽንኩርት ቁሌት ሸተተኝና አፌን ምራቅ ሞላው። ጓሮ ሳልደርስ አስመለሰኝ። ያልደረሰባት ሴት «ማቅለሽለሽ ነው፣ ያልፋል» ትላለች። አፍ ምን ዕዳ አለበት!

ደስ አላለኝም፤ ፈራሁ። የመጀመሪያው ጽንስ ወርዶብኝ ነበር። አማቴ፣ ሳይጠና ለሰው ስለተነገረ ነው ብለው አምነዋል። አሁን ሆዴ እስኪገፋ ድረስ ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስጠነቀቁኝ። እኔም አመንኩ። ልጅ ያጣ ሰው ምን የማያምነው አለ?

መደበቅ ማለት ደግሞ መጾም ማለት ነበር። በሁዳዴ ጠዋት የምትበላ ሙሽራ ምን እንደሆነች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። ባዶ ሆዴን አስመልሳለሁ። ቢጫ ውሃ። መራራ። ኋላ ውሃም አልረጋ አለኝ። ሽንቴ ጠቆረ። ቀሚሴ ሰፋኝ። አንድ ጠዋት ስነሳ መሬቱ ዞረብኝ። ወደቅሁ።

ባለቤቴ እዚህ ብንታከም ሰው ያየናል ብሎ ሞጣ፣ እናቴ ዘንድ ወሰደኝ። በአውቶቡስ ፌስታል ታቅፌ፣ ይህም ሄደብኝ እያልኩ አለቀስኩ።

የሞጣ ሆስፒታል ሐኪሟ ሽንቴን አስመረመረች። ሰውነት ምግብ ሲያጣ የሚወጣው ኪቶን ተገኘበት፤ ሃይፐርኤሜሲስ የሚባል የከፋ ማስመለስ ነው አለችኝ። ግሉኮስ ተሰካልኝ። ከዚያ ጠዋት ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ፤ ሁሉንም ነገርኳት።

«የመጀመሪያውን ያወረደው ወሬ አይደለም» አለች። «ማስመለሱንም ጾም አላመጣውም፤ ባዶ ሆድ ግን ያባብሰዋል። ስትነቂ፣ ከአልጋ ሳትወርጂ፣ ደረቅ ነገር ቅመሺ።»

ቢቸና ስንመለስ የንስሐ አባቴ ከጾሙ ፈቱኝ። ባለቤቴ ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ ለአማቴ ነገራቸው። በማግስቱ ጠዋት የገብስ ቆሎ በሰሃን ይዘው አልጋዬ ድረስ መጡ። ገና ሳልጨርስ ጎረቤታችን ለቤተ ክርስቲያን ሊጠሯቸው ገቡ። ሰሃኑን ጋቢ ውስጥ ደበቅሁት። አማቴ ጋቢውን ገለጡት።

«ምራቴ ነፍሰ ጡር ናት» አሏቸው። «ትብላ።»

ጎረቤታችን ሲወጡ አማቴ ጓዳ ገብተው ሲያለቅሱ ሰማኋቸው።

ከዚያ በኋላ እስኪተወኝ ድረስ ጠዋት ጥቂት ቆሎ ወይ ደረቅ ዳቦ ቀምሼ፣ ትንሽ ጋደም ብዬ ቆይቼ ቀስ ብዬ እነሳለሁ፤ ዝንጅብል የተፈላበት ውሃ ፉት እላለሁ፣ ወጥ ሲሠራ ከጓዳ እርቃለሁ ወይም የተቆረጠ ሎሚ አሸታለሁ፣ ምግቡንም ሳይርበኝ ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ እበላለሁ። ተአምር አይደለም። ይህ ሁሉ ያልሠራልኝ ቀን ነበር፤ በዚያ ቀን ዝም ብዬ ተኛሁ። ውሃ አልረጋ ካለሽ፣ ሽንትሽ ከጠቆረ፣ ካዞረሽ ግን በዝንጅብል አትዘናጊ፤ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ከጎረቤት ብትደብቂ ከሐኪም አትደብቂ።

ሴት ልጅ ወለድሁ። አማቴ አቅፈው ስመዋታል፤ አሁን በሕይወት የሉም። ነፍሳቸውን ይማር ስል የሚታየኝ ያ ጋቢውን የገለጠው እጃቸው ነው። አንቺም ጠዋት ቆሎ የሚያቀርብልሽ ሰው ካለ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብለሽ ተቀበይ። ከሌለሽም ማታ ራስጌሽ አስቀምጠሽ ተኚ።