የሚቃወሙ ይነሱ

ባለፈው ማክሰኞ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ልጄ ህሊና ስልኳን ፊቴ ላይ ደቀነችው። መነጽሬን ፈልጌ እስካገኝ እንኳ አልጠበቀችም። "ዳድ፣ ፕሮግራሙን ሰስፔንድ አደረጉት" አለችኝ። "መስከረም ላይ አዲስ ተማሪ አይቀበሉም።"

ህሊና የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ መሆን ነው የምትፈልገው። ሁለት ዓመት አመልክታ ዘንድሮ ተቀበሏት፤ የመግቢያው ደብዳቤ እስካሁን ፍሪጃችን በር ላይ ተለጥፏል። ኮሌጁ የላከላት ኢሜይል በጣም ጨዋ ነው። የክፍለ ሀገሩ መንግሥት የሚሰጠው ገንዘብ ስለቀነሰ አንዳንድ የትምህርት ዘርፎችን "መልሶ ማየት" አስፈላጊ ሆኗል ይላል። መጨረሻው ላይ መልካም ቀን ይመኛል።

"የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት በጀቱን የሚያጸድቀው በሚቀጥለው ሳምንት ነው" አለች። "ሄዶ ማየት ይቻላል አሉ። ግን ዋትስ ዘ ፖይንት? ምን ይጠቅማል?"

ይህችን አነጋገር ከልጆቼ አፍ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ያን ዕለት ግን አልተቆጣሁም። ቁጭ በይ አልኳትና እስከዚያች ቀን ለቤተሰቤ በደንብ ያልነገርኩትን የእትዬ አስናቀችን ነገር አወራኋት።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቶሮንቶ ከመጣሁ ሁለተኛው ክረምት ነው፤ እዚህ አገር ክረምት የምንለው ዝናቡን ሳይሆን በረዶውን ነው። ቀን ቀን ዌስተን አካባቢ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እጭናለሁ፤ አመሻሽ ላይ በአውቶቡስ ወደ ኤግሊንተን ዌስት እሄድና እማራለሁ። የማታ ክፍላችን በአንድ የመንግሥት ኮሌጅ ሥር ነበር። እንደ እኔ ከውጭ የመጣውን ሰው እንግሊዝኛና ሂሳብ አስተምሮ ወደ ዋናው ኮሌጅ ያሸጋግራል። የእኔ ሐሳብ የኤሌክትሪክ ሥራ መማር ነበር። ከክፍሉ መስኮት ሥር የጃማይካውያን ዳቦ ቤት ስለነበረ ፓቲ የሚሉት እንደ ሳምቡሳ ያለ ትኩስ ምግብ ሽታ እየገባ፣ ክፍልፋይ መደመር ያቃተኝ በእሱ ምክንያት ይመስለኝ ነበር።

እትዬ አስናቀች የሚቀመጡት ከፊት ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነበር። አገር ቤት፣ ፍቼ አጠገብ ባለ ጤና ጣቢያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጤና ረዳትነት ሠርተዋል፤ ስንቱን አዋልደዋል፣ የስንቱን ቁስል አሽገዋል። እዚህ ግን የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ወለል ያጸዱ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ባልቴት ኮሪደር ላይ ወድቀው እትዬ አስናቀች ሊያነሷቸው ሲሮጡ ተቆጣጣሪዋ "አትንኪያቸው፣ ያንቺ ሥራ አይደለም" አለቻቸው። "ሰው ወድቆ እያየሁ መወልወያዬን ይዤ ቆምኩ፣ ልጄ" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ነው የተመዘገቡት። ወደ ነርስነቱ ትምህርት ለመግባት የቀራቸው የሁለት ተርም ሂሳብና እንግሊዝኛ ብቻ ነበር።

በጥር ወር የሰፈራችን የምክር ቤት ተመራጭ ክፍላችንን ሊጎበኝ መጣ። እትዬ አስናቀች ድፎ ዳቦ ጋግረው አመጡ። ሰውዬው ሁለቴ አስቆረሰ። እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ "እኔ እያለሁ ይህ በር አይዘጋም" አላቸው። ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ፤ በደንብ አስታውሳለሁ።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ ሁዳዴ ተጋምሶ ነበር፣ አስተማሪያችን አንድ ወረቀት ይዛ ገባችና ቆማ አነበበችልን። በጀቱ እንደቀረበ ከጸደቀ ኮሌጁ የማታ ክፍሉን ይዘጋል። ተመራጫችን ቢሮ ስንደውል ጸሐፊዋ መልእክታችንን በትሕትና ትቀበላለች፤ መልስ የለም። "ሥራ በዝቶበት ነው" ይሉ ነበር እትዬ አስናቀች። "ቃል የሰጠ ሰው ነው። ድምፅ የሚሰጡ ቀን ሄደን እንየው፤ ፊታችንን ካየ ያፍራል።"

አራት ሆነን ሄድን። በሩ ላይ ጥበቃው ካፖርታችንን፣ ቦርሳችንንና የእትዬ አስናቀችን የዳቦ ቆሎ ከረጢት ተቀብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈ። ማጨብጨብ ክልክል ነው፣ ማውራት ክልክል ነው፣ ጽሑፍ ማሳየት ክልክል ነው አለን። ስለ መቆም የነገረን የለም።

ከላይ ከጎብኚዎች ሰገነት ስናየው አዳራሹ ያማረ ነው፤ እንጨቱ ሁሉ የተቀረጸ። ወንበሮቹ ግን ባዶ ነበሩ ማለት ይቻላል። አንዱ ይናገራል፣ ሁለቱ ያወራሉ፣ አንዱ ጥፍሩን ይመለከታል። ስለ ኮሌጆች ሲነሳ ቅነሳ የሚል ቃል ከአንዳቸውም አፍ አልወጣም። "ማስተካከያ" ይላሉ። የሚናገሩት ስለ ሱሪ ይመስል ነበር። በኋላ ደወል ሲደወል አባላቱ ከየጓዳው እየተንጠባጠቡ ገብተው ወንበራቸውን ሞሉት። ተመራጫችንም ገባ። ቀና ብሎ አላየንም።

አፈ ጉባኤው የሚደግፉ አንድ በአንድ እንዲነሱ ጠየቀ። አንዱ ሲነሳ ጸሐፊው ስሙን ይጠራል፣ ሰውዬው ይቀመጣል፣ ቀጣዩ ይነሳል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲደርስ ተመራጫችን ኮቱን ቆልፎ ተነሳ። ስሙ ተጠራ። ተቀመጠ።

እትዬ አስናቀች ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "እሱ አይደለም እንዴ?"

"ነው።"

"ዳቦዬን የበላው?"

"ነው፣ እትዬ።"

ነጠላቸውን አስተካከሉ። ደጋፊዎቹ አለቁ፤ አፈ ጉባኤው እንደገና ተናገረ። "አሁን ምን አለ?" አሉኝ።

"የሚቃወሙ ይነሱ አለ።"

ተነሱ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አባላት የሚለውን ሳልጨምር ተረጎምኩላቸው። እሳቸው አገር ቤት ለዘጠኝ ዓመት የዕድር ጸሐፊ ነበሩ። በዕድር ስብሰባ ሰው ይቆጠር ከተባለ የሚቆጠረው ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ነው፤ ተቀምጦ የሚያይ ተመልካች የሚባል ነገር የለም። ታች ያሉት ተቃዋሚዎች አንድ በአንድ እየተነሱ ስማቸው ይጠራል። እትዬ አስናቀች ላይ ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ቀሚሳቸውን ጎተትኩ። "እትዬ፣ ይቀመጡ። ለእኛ አይደለም። አባላቱን ነው ያለው።"

ገባቸው። ሲገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት፤ በኀፍረት ይቀመጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። "የሚዘጋው የማን ክፍል ነው?" አሉኝ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። "የእኔ አይደለም?" ታች የመጨረሻው ተቃዋሚ ሲቀመጥ፣ ጸሐፊው ቀና ሳይል፣ ስማቸውን ራሳቸው ጠሩ። "አስናቀች ወልደ ሚካኤል።" ልክ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ አቤት እንደሚሉት፣ ረጋ ብለው።

አባላቱ ሁሉ ቀና አሉ፤ ተመራጫችን ብቻ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ማገላበጥ ያዘ። ጥበቃው በደረጃው ወደ እኛ እየመጣ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አላለቀም ነበር፤ ስሜ የሆነ መዝገብ ላይ ሰፍሮ በሚቀጥለው ሳምንት የሚያባርሩኝ መሰለኝ። ቁጭ ብዬ መቅረት እችል ነበር። ሴትዮዋን አላውቃቸውም ማለትም ይቻላል። ግን አጠገቤ የቆሙትን እያየሁ መቀመጡ ከፍርሃቱ የባሰ ሆነብኝ። ተነሳሁ። "ታምራት በላቸው" አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ። ከእኛ ጋር የመጡት ሁለቱም ተነሱ።

ጥበቃው ክፉ ሰው አልነበረም። እትዬ አስናቀችን ክንዳቸውን ደግፎ ደረጃውን አወረዳቸው፤ የዳቦ ቆሏቸውንም በአደራ ያቆየው ያህል በሁለት እጁ አስረከባቸው። ለአንድ ዓመት እንዳትመለሱ ተባልን።

ወደ ኤግሊንተን ዌስት ስንመለስ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ስለነበር እትዬ አስናቀች ጾማቸውን በአትክልት ፓቲ ፈቱ። ጭቃ የነካው በረዶ መንገዱ ዳር ተከምሮ ውሃ ያንጠባጥባል። "ተሸነፍን" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ እያኘኩ። "ማን ማን እንደተቃወመ ግን እነሱም አወቁ።"

ክፍሉ በግንቦት ተዘጋ። እትዬ አስናቀች የጽዳት ሥራቸውን ወደ ሌሊት አዙረው፣ ቀን ቀን ከተማውን አቋርጠው ሌላ ኮሌጅ ተማሩ። በአንድ ዓመት የሚያልቀው ሦስት ዓመት ፈጀባቸው፤ ነርስም ሆኑ፤ የወደቀ ሰውም አነሱ። እኔ አልቻልኩም። ሌላ ፈረቃ አልሰጡኝም፣ ቀን የምማርበት ጊዜ አጣሁ፣ ከመጋዘኑ ወደ አውቶቡስ መንዳት ተዛወርኩ። ለልጆቼ መንዳት እወዳለሁ እላቸዋለሁ፤ እወዳለሁም። ግን ስንት ዓመት ሙሉ ሰነፍ ነበርኩ እያልኩ ራሴን ወቅሻለሁ። ሰው በሩን ዘግቶብኝ እንደነበር፣ ያውም ተነስቶ ስሙ ተጠርቶ እንደዘጋብኝ፣ ለራሴ እንኳ አልነገርኩትም። ይቆጨኛል።

ህሊና እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። እትዬ አስናቀች ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ እሷ የምታስታውሳቸው በየፋሲካው ድፎ ዳቦ የሚያመጡላት አያት አድርጋ ነው። "ታዲያ ምን ጠቀማችሁ?" አለችኝ በመጨረሻ።

"ለክፍሉ ምንም" አልኳት። ለእኔ ግን፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ የሚዘጋ ነገር ሲመጣ ጥፋቱን መጀመሪያ ራሴ ላይ ከመፈለግ ቀስ በቀስ አድኖኛል። ልጄ ይህን ልማድ ከእኔ እንድትወርስ አልፈልግም። ያቺ ደብዳቤ ከፍሪጁ ላይ ትነሳ ይሆናል፤ ዝም ብለን ግን አናነሳትም።

ህሊና ስልኳን አንስታ ስትነካካ ቆየችና ምክር ቤቱ ውስጥ ለሁለት ሰው ቦታ መያዟን ነገረችኝ። ከዚያ ደንቡን ማንበብ ጀመረች። "ዳድ፣ ጎብኚ በስብሰባው መሃል ከመቀመጫው መነሳት አይፈቀድለትም ይላል።"

"በእኛ ጊዜ አልተጻፈም ነበር" አልኳት። ልደብቀው አልቻልኩም፤ ደስ አለኝ።

አየችኝ። "ምን ለብሼ ልሂድ?"

"የፈለግሽውን ልበሺ" አልኳት። "ጫማሽ ብቻ ለመቆም የሚመች ይሁን።"